የዴሞክራቲክ ሪፐብሊክ ኮንጎ ወጪና ገቢ ንግድ እንዴት ይጠናል? ዝርዝር መመሪያ

ዴሞክራቲክ ሪፐብሊክ ኮንጎ በዓለም ከሚመረተው ኮባልት ሦስት አራተኛ ያህሉን ታወጣለች፤ በመዳብ ምርትም ከቺሊ ቀጥላ በሁለተኛ ደረጃ ላይ ትገኛለች። ስለ ንግዷ የሚወጡ ሰንጠረዦችን ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚያነብ ሰው ግን ቶሎ ግራ ይጋባል፤ ቻይና በሁሉም ላይ አንደኛ ብትሆንም፣ ከእሷ በታች ያሉት ታንዛንያ፣ ዛምቢያ፣ ደቡብ አፍሪካና የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች እንደ ምንጩ ቦታ ይቀያየራሉ። ልዩነቱ የሚመጣው በአብዛኛው ከስሌት ስሕተት አይደለም። ሰንጠረዡ ብዙውን ጊዜ የሚመዘግበው ዕቃው የወጣበትን በር እንጂ ዕቃውን የሚጠቀመውን ፋብሪካ አይደለም። ስለዚህ ይህ መመሪያ አንድ ቅደም ተከተል ይከተላል፤ በመጀመሪያ ዕቃው፣ ቀጥሎ መንገዱ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ የንግድ ሸሪኩ ይጠናል። አብዛኞቹ ጥናቶች በተቃራኒው ከሸሪኮች ዝርዝር ስለሚጀምሩ፣ በሩን ገዢ አድርገው የሚቆጥሩ ድምዳሜዎች ላይ ይደርሳሉ።

1. ዓመቱንና ምንጩን አስቀድሞ መወሰን

የሚያጠኑትን ዘመን ሲመርጡ አንድ ዓመት ብቻ አይያዙ። የመዳብና የኮባልት ዋጋ ከዓመት ዓመት በእጅጉ ስለሚዋዥቅ፣ የአንድ ዓመት አኃዝ ስለ አገሪቱ ከሚናገረው ይልቅ ስለ ዓለም ገበያ የሚናገረው ይበዛል፤ ቢያንስ አምስት ተከታታይ ዓመታትን መያዝ ይመረጣል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከአገር ውስጥ ምንጮች ሦስቱ ዋነኞቹ ናቸው። የኮንጎ ማዕከላዊ ባንክ የክፍያ ሚዛንን (አገሪቱ ከውጭው ዓለም ጋር የምታደርገውን የገንዘብ ገቢና ወጪ መዝገብ) ያጠናቅራል፤ የጉምሩክና ኤክሳይስ ዋና ዳይሬክቶሬት በዲክላራሲዮን የተመዘገበውን ጭነት ይይዛል፤ የማዕድን ሚኒስቴር ደግሞ የተመረተውንና የተላከውን ቶን ይቆጥራል። እነዚህ ሦስቱ ስለ አንድ ጉዳይ የሚያወሩ ቢመስሉም የሚመልሱት ጥያቄ የተለያየ ነው፤ አንዱ ገንዘብ፣ ሁለተኛው የጉምሩክ ሰነድ፣ ሦስተኛው ክብደት ይለካል። በመሆኑም የእያንዳንዱን አኃዝ በተለየ ዓምድ ያስቀምጡ እንጂ የአንዱን ክፍተት በሌላው አይሙሉ።

ከውጭ ምንጮች የተባበሩት መንግሥታት የኮምትሬድ የመረጃ ቋትና የቻይና ጉምሩክ ወርኃዊ መረጃ ይበልጥ ይጠቅማሉ። ስለ ኮንጎ የሚወጣ ማንኛውንም ዓለም አቀፍ አኃዝ ከመውሰድዎ በፊት ግን አኃዙ ኮንጎ ራሷ ካቀረበችው ሪፖርት የተወሰደ መሆኑን ወይም ከሸሪኮቿ ሪፖርት ተገልብጦ የተሰላ መሆኑን ያረጋግጡ። ድረ ገጾች ይህን ልዩነት በአነስተኛ የግርጌ ማስታወሻ ብቻ ያመለክታሉ፤ አንዳንዶቹ ጭራሽ አያመለክቱም።

2. ካርታውን መዘርጋት፦ አንድ አገር፣ ሦስት በሮች

አገሪቱ 2.3 ሚሊዮን ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚሆን ስፋት ይዛ ከዘጠኝ አገሮች ጋር ስትዋሰን፣ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ያላት የባሕር ጠረፍ ግን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። የንግዷ ቅርጽ ሁሉ ከዚህ አለመመጣጠን ይነሣል። በጥናትዎ መነሻ ላይ አገሪቱን እንደ አንድ ገበያ ሳይሆን ወደ ተለያየ አቅጣጫ እንደሚመለከቱ ሦስት ገበያዎች አድርገው ይክፈሏት።

የመጀመሪያውና በገንዘብ ከሁሉም የሚልቀው የደቡቡ በር ነው። የመዳብና የኮባልት ማዕድን ቀበቶው በሉዋላባና በላይኛው ካታንጋ ክፍለ ሀገራት፣ በኮልዌዚ፣ በሊካሲና በሉቡምባሺ ዙሪያ ይገኛል። ከዚህ የሚነሡ የጭነት መኪናዎች በአብዛኛው በካሱምባሌሳ ድንበር ወደ ዛምቢያ ይገባሉ፤ ከዚያም እንደ ኪራዩና እንደ ወረፋው ወደ ዳሬሰላም፣ ወደ ደርባን፣ ወደ ቤይራ ወይም ወደ ዋልቪስ ቤይ ያቀናሉ። አምስተኛ አማራጭ እየሆነ የመጣው በአንጎላ በኩል ወደ ሎቢቶ ወደብ የሚወስደው የባቡር መስመር ነው፤ ከሎቢቶ እስከ ሉዋው ድንበር ያለው 1,300 ኪሎ ሜትር የሚሆን ሐዲድ ለ30 ዓመት በኮንሴሲዮን (የማስተዳደር መብት) የተሰጠው ትራፊጉራ፣ ሞታ ኤንጂል እና ቬክቱሪስ ለተጣመሩበት ኩባንያ ነው። ሐዲዱ ወደ ኮንጎ ተሻግሮ እስከ ኮልዌዚ ይቀጥላል፤ የኮንጎው ክፍል ያረጀ መሆኑ ግን እስካሁን የመስመሩን አቅም የሚወስነው ደካማ ጎን ነው።

ሁለተኛው የምዕራቡ በር ነው። ኪንሻሳ የምትመገበውና የምትለብሰው በአብዛኛው ከኮንጎ ወንዝ አፍ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ በሚገኘው በማታዲ ወደብ በኩል የሚገባውን ነው። ከማታዲ በላይ ወንዙ በፏፏቴዎች ስለሚቆራረጥ ዕቃው በመንገድ ወይም በ366 ኪሎ ሜትሩ የባቡር መስመር ወደ ዋና ከተማዋ ይጓዛል። የወንዙ ጥልቀት ትልልቅ መርከቦችን ስለማያስተናግድ፣ ብዙ ኮንቴይነር አስቀድሞ በጎረቤት ኮንጎ ብራዛቪል በፑዋንት ኑዋር ወደብ ወደ አነስተኛ መርከብ ይዛወራል። በባናና የሚገነባው ጥልቅ ወደብ ይህን ጥገኝነት ለማስቀረት የታሰበ ነው።

ሦስተኛው የምሥራቁ በር ሲሆን፣ ሰሜን ኪቩ፣ ደቡብ ኪቩና ኢቱሪ ከኪንሻሳ ይልቅ ለኡጋንዳ፣ ለሩዋንዳ፣ ለቡሩንዲና በእነሱ በኩል ለሞምባሳና ለዳሬሰላም የቀረቡ ናቸው። ይህ በር ወርቅ፣ ኮልታን (ታንታለም የሚባለው ብረት የሚገኝበት ማዕድን) እና ቆርቆሮ ይወጣበታል፤ ኦፊሴላዊው መዝገብ ከሁሉም ይልቅ የሚሳሳውም እዚህ ነው። የኤም 23 ታጣቂዎች በጁን 2022 የቡናጋናን የድንበር ከተማ፣ በኤፕሪል 2024 የሩባያን የኮልታን ማዕድን፣ በ2025 መጀመሪያ ደግሞ ጎማንና ቡካቩን ከያዙ ወዲህ የኪንሻሳ ጉምሩክ በእነዚህ አካባቢዎች አይቆጥርም። ስለዚህ ከ2022 በኋላ የምሥራቁን አኃዝ ሲያነቡ፣ የንግዱ መቀነስና የቆጣሪው አለመኖር የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ልብ ይበሉ።

3. ወጪ ንግዱን በዕቃና በዕቃው ሁኔታ መለየት

ማዕድን ከአገሪቱ የወጪ ንግድ ገቢ ከ95 በመቶ በላይ ይሸፍናል፤ ከዚህም ውስጥ የአንበሳውን ድርሻ የሚይዙት መዳብና ኮባልት ናቸው። «መዳብ» ብሎ መጻፍ ግን አይበቃም። ከኮንጎ የሚወጣው መዳብ ቢያንስ በሦስት ሁኔታ ይገኛል። አንደኛው ካቶድ የሚባለው፣ ንጹሕነቱ 99.99 በመቶ የሚደርስ የተጣራ ሰሌዳ ነው፤ ሁለተኛው ቀልጦ ገና ያልተጣራ ብሊስተር ነው፤ ሦስተኛው ደግሞ ማዕድኑ ተፈጭቶና ከአለቱ ተለይቶ የሚቀረው ኮንሰንትሬት ሲሆን፣ በውስጡ ያለው መዳብ እንደ ማዕድን ማውጫው ይለያያል። መንግሥት ያልተጣራ ኮንሰንትሬት እንዳይወጣ በ2013 ቢከለክልም፣ የማቅለጫና የኤሌክትሪክ እጥረት ስላለ ልዩ ፈቃድ እየተሰጠ መላኩ ቀጥሏል። አኃዙን ሲያነቡ እገዳውን ብቻ ይዘው «ኮንሰንትሬት አይወጣም» ብለው እንዳይደመድሙ።

ትልልቆቹን አምራቾች ማወቅ ለዚህ ሥራ ይረዳል፤ ከእያንዳንዱ ማዕድን የሚወጣው ዕቃ ሁኔታና መዳረሻ በባለቤትነቱ ላይ ይመሠረታልና። በ2021 ማምረት የጀመረው ካሞአ ካኩላ የካናዳው አይቫንሆና የቻይናው ዚጂን ኩባንያዎች የጋራ ሥራ ነው። ቴንኬ ፉንጉሩሜን የቻይናው ሲኤምኦሲ በ2016 ከአሜሪካው ፍሪፖርት ማክሞራን በ2.65 ቢሊዮን ዶላር ገዛው፤ ኪሳንፉም የዚሁ ኩባንያ ነው። ግሌንኮር ካሞቶንና ሙታንዳን ያስተዳድራል። የመንግሥቱ ጄካሚንስ ደግሞ በብዙዎቹ ሽርክናዎች ውስጥ አነስተኛ ድርሻ ይዟል።

ኮባልት ራሱን ችሎ እምብዛም አይመረትም፤ ከመዳብ ጋር ተያይዞ ይወጣል። ይህ ለተንታኙ ትልቅ ትርጉም አለው፤ የኮባልት ዋጋ ቢወድቅም የመዳብ ዋጋ ጥሩ እስከሆነ ድረስ ኩባንያዎቹ ኮባልት ማምረታቸውን አያቆሙም። ከ2022 እስከ 2024 የታየው ይኸው ነበር፤ ዋጋው በ2022 ከማርች እስከ ሜይ ባሉት ወራት በቶን ከ80,000 ዶላር በላይ ደርሶ ከነበረበት በ2025 መጀመሪያ ወደ 21,000 ዶላር አካባቢ ሲወርድ፣ የአገሪቱ ምርት ግን በ2024 ወደ 220,000 ቶን አደገ። የገቢውን አኃዝ ብቻ ያየ ሰው ዘርፉ የተዳከመ ይመስለዋል፤ ቶኑን ያየ ደግሞ የደራ ይመስለዋል። ሁለቱን አንድ ላይ ማየት የግድ ነው።

የቀሩትን በአጭሩ እንለፋቸው። ወርቅ ከሰሜን ምሥራቁ የኪባሊ ማዕድን በኢንዱስትሪ ደረጃ፣ ከምሥራቁ ደግሞ በባሕላዊ አምራቾች እጅ ይወጣል። አልማዝ ከምቡጂ ማዪ አካባቢ በካራት ብዛት እጅግ ብዙ ቢሆንም አብዛኛው ለኢንዱስትሪ መሣሪያ የሚውል ስለሆነ የካራቱ ዋጋ ከቦትስዋናው ጋር አይወዳደርም። ቆርቆሮ በሰሜን ኪቩ ከሚገኘው የቢሲዬ ማዕድን፣ ኮልታን ከሩባያና ከሌሎች አነስተኛ ጉድጓዶች ይገኛል። ሙዋንዳ አካባቢ የሚቀዳው ድፍድፍ ነዳጅ መጠኑ አነስተኛ ነው፤ በቡድን የሚመደቡት ቡና፣ ካካዎና ጣውላም በገንዘብ ከጠቅላላው ጥቂቱን ይይዛሉ።

4. ዕቃውን ከኤች ኤስ ኮድ ጋር ማጣመር

የመረጃ ቋቶች የሚጠየቁት በዕቃ ስም ሳይሆን ኤች ኤስ በሚባለው ዓለም አቀፍ የጉምሩክ ዕቃ መለያ ኮድ ነው። ለወጪ ንግዱ 2603 የመዳብ ኮንሰንትሬትን፣ 7402 ያልተጣራ መዳብን፣ 7403 የተጣራ መዳብን፣ 2605 የኮባልት ማዕድንን፣ 7108 ወርቅን፣ 7102 አልማዝን፣ 2609 የቆርቆሮ ማዕድንን፣ 2615 ኮልታን የሚገኝበትን ምድብ፣ 2709 ድፍድፍ ነዳጅን ይወክላሉ። ለገቢ ንግዱ 2710ን ለነዳጅ ውጤቶች፣ 2503ን ለድኝ፣ 2807ን ለሰልፈሪክ አሲድ፣ 2716ን ለኤሌክትሪክ፣ 3004ን ለመድኃኒት ይያዙ፤ ማሽኖች በአብዛኛው በምዕራፍ 84 ሥር ናቸው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ቦታ ኮባልት ነው። ኮንጎ የምትልከው ኮባልት በአብዛኛው ሃይድሮክሳይድ የሚባል መካከለኛ ውጤት ነው። በላኪው በኩል ይህ ዕቃ የኮባልት ኦክሳይዶችና ሃይድሮክሳይዶች በሚመደቡበት 2822 ሥር ሊመዘገብ ይችላል፤ የቻይና ጉምሩክ ግን መካከለኛ የኮባልት ውጤቶችን በ8105 ሥር ይቆጥራል። በአንድ ኮድ ብቻ የፈለገ ሰው አንድም ኮንጎ የላከችው ቻይና ያልደረሰ፣ አንድም ቻይና የተቀበለችው ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ሆኖ ያገኘዋል። ስለዚህ 2605ን፣ 2822ንና 8105ን ደምረው ይፈልጉ፤ ድምሩን ከማዕድን ሚኒስቴር ቶን ጋር ያመሳክሩ።

5. ከጠቅላላ ክብደት ወደ ንጹሕ ብረት፣ ከብረት ወደ ገንዘብ

የጉምሩክ ሰነድ የሚይዘው የጭነቱን ክብደት ሲሆን፣ የኢንዱስትሪ ዘገባ የሚናገረው በውስጡ ስላለው ብረት ነው። ሁለቱን ሳያመሳስሉ ማነጻጸር ከንቱ ድካም ይሆናል። ኮባልት ሃይድሮክሳይድ ከደረቀ በኋላ በውስጡ የሚይዘው ኮባልት 30 በመቶ አካባቢ ነው፤ ሲጫን ደግሞ እርጥበት አለው። ለምሳሌ 100 ደረቅ ቶን ሃይድሮክሳይድ ብንወስድ 30 ቶን ኮባልት ይወጣዋል። የብረቱ ዋጋ በቶን 30,000 ዶላር ነው ብለን ብንነሣ ሙሉ ዋጋው 900,000 ዶላር ይሆናል። ገዢው ግን የማጣሪያውን ወጪ በመቀነስ የሚከፍለው ከዚህ ላይ በመቶኛ የተወሰነውን ነው፤ ውሉ 60 በመቶ ቢል ሻጩ የሚያገኘው 540,000 ዶላር ይሆናል። ይህ መቶኛ በገበያው ሁኔታ ከፍ ዝቅ ስለሚል፣ በጉምሩክ ሰነድ ላይ ያለው ዋጋ ከዓለም ገበያ ዋጋ ማነሱ ብቻውን ዋጋ ለማሳነስ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው ለማለት አያስችልም።

ለመዳብ የሚጠቅም ፈጣን መፈተሻ አለ። በ2024 አገሪቱ የላከችው መዳብ ከ3 ሚሊዮን ቶን በላይ ነበር፤ የዓመቱ አማካይ የዓለም ዋጋም በቶን ከ9,000 ዶላር በላይ ነበር። ሁለቱ ሲባዙ 27 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ይሆናል። የሚያነቡት ሰንጠረዥ የመዳብ ገቢውን ከዚህ በእጅጉ አሳንሶ ካሳየ፣ ወይ ኮዶች ተዘለዋል፣ ወይ የኮንሰንትሬትና የብሊስተር ቅናሽ ተቀንሷል፣ ወይ ደግሞ ሰነዱ አልተሟላም። የትኛው እንደሆነ ማጣራት የተንታኙ ሥራ ነው።

6. ሸሪኩን መለየት፦ በሩ፣ ሻጩና ፋብሪካው

አሁን ወደ ሸሪኮች መምጣት ይቻላል። በሰንጠረዥ ላይ ያለ እያንዳንዱ የአገር ስም ከሦስቱ አንዱን ሊወክል እንደሚችል ይያዙ፤ ዕቃው ያለፈበትን አገር፣ ውሉን የተዋዋለው የንግድ ድርጅት የተመዘገበበትን አገር፣ ወይም ዕቃው በእርግጥ የሚቀልጥበትንና የሚጣራበትን አገር።

ዛምቢያን እንውሰድ። በካሱምባሌሳ ያለፈ ካቶድ አብዛኛው ዛምቢያን በትራንዚት ብቻ የሚያልፍ ነው። ነገር ግን የዛምቢያ ማቅለጫዎች የኮንጎን ኮንሰንትሬት በእርግጥ ገዝተው ያቀልጣሉ። ስለዚህ በአንድ በር በኩል እውነተኛ ግዢም ትራንዚትም ያልፋል፤ መለያው ኮዱ ነው። 2603 ከሆነ ዛምቢያ ገዢ የመሆን ዕድሏ ሰፊ ነው፤ 7403 ከሆነ ግን በር የመሆን ዕድሏ ይበልጣል። ታንዛንያና ደቡብ አፍሪካ በመዳብ ሰንጠረዥ ላይ ከፍ ብለው ሲታዩ በመጀመሪያ መጠርጠር ያለበት የዳሬሰላምና የደርባን ወደብ ነው። ስዊዘርላንድ ወይም ሲንጋፖር ሲታዩ ደግሞ ውሉን የያዘው የሸቀጥ ነጋዴ ኩባንያ የተመዘገበበትን አድራሻ እያዩ ሊሆን ይችላል።

ይህን ለማጥራት የተቀባዩን አገር የገቢ መረጃ ከላኪው የወጪ መረጃ ጋር ጎን ለጎን ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ሁለቱ እኩል ይሆናሉ ብለው አይጠብቁ። ላኪው በኤፍ ኦ ቢ (ማጓጓዣና ኢንሹራንስን ሳይጨምር)፣ ተቀባዩ በሲ አይ ኤፍ (ሁለቱን ጨምሮ) ይመዘግባል፤ በመካከሉ ያለው የማጓጓዣና የኢንሹራንስ ወጪ፣ ባሕር ጠረፍ ላይ ለመድረስ በሺዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር በመኪና ለሚጓዝ ጭነት ቀላል አይደለም። የጊዜ ልዩነትም አለ። ከኮልዌዚ የተነሣ ኮባልት ቻይና ለመድረስ ሦስት ወር ገደማ ይፈጅበታል። መንግሥት በፌብሩዋሪ 2025 የኮባልት ወጪ ንግድን ሲያግድ በቻይና የገቢ መረጃ ላይ ወዲያው ለውጥ ያልታየው በዚህ ምክንያት ነው፤ በመንገድና በመርከብ ላይ የነበረው ጭነት ለወራት መድረሱን ቀጥሎ ነበር። ይህን ያላገናዘበ አንባቢ እገዳው አልተከበረም ብሎ ሊደመድም ይችል ነበር።

ወርቅ ከዚህ ሁሉ የተለየ ችግር አለው። በእጅ ቦርሳ ድንበር የሚሻገር ዕቃ ስለሆነ የኮንጎ ጉምሩክ ያልመዘገበው ወርቅ በጎረቤት አገሮች ወጪ ንግድ ላይ፣ ከዚያም በዱባይ ገቢ ንግድ ላይ ብቅ ይላል፤ የተባበሩት መንግሥታት የባለሙያዎች ቡድን ይህን ለዓመታት ሲዘግብ ቆይቷል። የመመዝገቢያው መንገድ ሲለወጥም አኃዙ ይዘላል፦ በ2023 በደቡብ ኪቩ በመንግሥት ድጋፍ አንድ ገዢ ኩባንያ ሥራ ሲጀምር፣ ቀድሞ ኪሎዎች ብቻ ይቆጠሩበት የነበረው የባሕላዊ ወርቅ ኦፊሴላዊ ወጪ በአንድ ዓመት ወደ ቶኖች ከፍ አለ። የተቀየረው ምርቱ ሳይሆን መዝገቡ ነበር። በመሆኑም ወርቅን ከመዳብና ከኮባልት ጋር በአንድ ድምር ውስጥ ሳያስገቡ ለብቻው በማስጠንቀቂያ ያቅርቡት።

ይህ ሁሉ ተጣርቶ የሚቀረው ሥዕል ግልጽ ነው። የኮንጎ መዳብና ኮባልት ዋና ተጠቃሚ ቻይና ናት፤ ኮባልቱ ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚጣራው እዚያ ነው። ለዚህ መሠረቱ የተጣለው ከታሪፍ ስምምነት ይልቅ በማዕድን ማውጫዎች ባለቤትነት ነው፤ በ2008 ከቻይና ኩባንያዎች ጋር የተፈረመው «ማዕድን በመሠረተ ልማት» የሚባለው የሲኮሚንስ ውል እና ከላይ የተጠቀሱት ግዢዎች ከየትኛውም የቀረጥ ቅናሽ የበለጠ አቅጣጫ ወስነዋል። የሲኮሚንስ ውል በ2024 ተሻሽሎ የመሠረተ ልማቱ ድርሻ ከ3 ቢሊዮን ወደ 7 ቢሊዮን ዶላር ከፍ ብሏል።

7. ገቢ ንግዱን ከወጪ ንግዱ ጋር አያይዞ ማንበብ

የገቢ ንግድ ብዙ ጊዜ በአንድ አንቀጽ ታልፎ ይቀራል፤ ይህ ያሳዝናል፤ የአገሪቱ ኢኮኖሚ አሠራር ይበልጥ የሚገለጠው እዚህ ነውና። ከምግብና ከልብስ ዝርዝር በፊት ድኝን ይፈልጉ። በካታንጋ የሚገኘው ኦክሳይድ ማዕድን መዳቡ የሚለይለት በሰልፈሪክ አሲድ ነው። አሲዱ አንድም ከዛምቢያ ማቅለጫዎች በታንከር ይገባል፣ አንድም ከባሕር ማዶ በሚመጣ ድኝ በራሱ በማዕድን ማውጫው ይመረታል። ኮባልቱን በሃይድሮክሳይድ መልክ ለማዝቀጥ ማግኒዥየም ኦክሳይድ፣ የተረፈውን አሲድ ለማርገብ ደግሞ ኖራ ያስፈልጋል። ስለዚህ የድኝና የአሲድ ገቢ ሲያድግ የመዳብ ወጪ እንደሚከተል መጠበቅ ይቻላል፤ የአሲድ አቅርቦት ሲቋረጥ ደግሞ የካቶድ ምርት ይታወካል።

ማሽኖችና ከባድ ተሽከርካሪዎች ሌላው ትልቅ ምድብ ናቸው። እነዚህ በብዛት የሚገቡት አዲስ ማዕድን በሚገነባባቸው ዓመታት ስለሆነ፣ በእነዚያ ዓመታት የሚታየው የገቢ ንግድ ዕድገት ከፍጆታ ጋር እንዳይምታታ። ድፍድፍ ነዳጅ እየላኩ ቤንዚንና ናፍጣ ማስገባት እርስ በርሱ የሚጋጭ ቢመስልም ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የሙዋንዳው ማጣሪያ ሥራ ካቆመ ቆይቷል። ኤሌክትሪክም እንዲሁ ነው። በምዕራቡ፣ በኮንጎ ወንዝ ላይ በሚገኘው ኢንጋ ግዙፍ የውኃ ኃይል እያለ የካታንጋ ማዕድን ማውጫዎች ኃይል ስለማይበቃቸው ከዛምቢያ በኩል ይገዛሉ፤ በናፍጣ ጄኔሬተርም ይጠቀማሉ።

የምግብ ገቢ በሦስቱ በሮች ይለያያል። ሉቡምባሺ የበቆሎ ዱቄት ከዛምቢያ ትጠብቃለች፤ ዛምቢያ በድርቅ ጊዜ በቆሎ እንዳይወጣ ስትገድብ ዋጋው እዚያ ወዲያው ይንራል። ኪንሻሳ ሩዝ፣ ስንዴ፣ የቀዘቀዘ ዶሮና ዓሣ በባሕር ታስገባለች። የምሥራቁ ከተሞች የፋብሪካ ሸቀጣቸውን ከኡጋንዳ፣ ከኬንያና ከሩዋንዳ ያገኛሉ። ከአቅራቢ አገሮች ቻይና በማሽንና በፋብሪካ ውጤት ቀዳሚ ስትሆን፣ ዛምቢያና ደቡብ አፍሪካ ለማዕድን ቀበቶው በግብዓትና በምግብ ይከተላሉ፤ ሕንድ በመድኃኒት፣ የቀድሞዋ ቅኝ ገዢ ቤልጂየምም በተለያዩ ዕቃዎች ትገኛለች።

በዚህ ክፍል ላይ ድንበሩ ምን ያህል ስስ እንደሆነ የሚያሳይ አንድ ክስተት ቢጨምሩ ተገቢ ነው። ኮንጎ የዛምቢያን ለስላሳ መጠጥና ቢራ በማገዷ ተቃውሞ ተነሥቶ፣ ዛምቢያ በኦገስት 2024 ድንበሯን ለጥቂት ቀናት ዘጋች። የጠርሙስ መጠጥ ጠብ የዓለምን የመዳብና የኮባልት መንገድ ለቀናት አቆመ።

8. ደንቦቹን ከአኃዙ ጎን ማስቀመጥ

የንግድ አኃዝ ያለ ደንብ አይነበብም። የ2018ቱ የማዕድን ሕግ የመዳብ ሮያሊቲን (ከማዕድኑ ሽያጭ ለመንግሥት የሚከፈለውን ድርሻ) ከ2 ወደ 3.5 በመቶ ከፍ ሲያደርግ «ስትራቴጂካዊ» ተብለው ለሚሰየሙ ማዕድናት 10 በመቶ ደነገገ፤ ኮባልትና ኮልታንም በዚያው ዓመት በዚህ ተሰየሙ። ከኦክቶበር 2025 ጀምሮ የኮባልት እገዳው በኮታ ተተካ፦ ለቀሪው 2025 በጠቅላላ 18,125 ቶን፣ ለ2026ና ለ2027 ደግሞ በየዓመቱ 96,600 ቶን። የዓመቱ ኮታ 87,000 ቶን መደበኛና 9,600 ቶን በተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት የሚመራ ስትራቴጂካዊ ክፍል አለው። ከ2024 ምርት ጋር ሲነጻጸር ከግማሽ በታች ነው፤ ስለዚህ ከ2025 ወዲህ ምርትና ወጪ ንግድ አንድ ዓይነት አኃዝ ሊሆኑ አይችሉም፤ ልዩነቱ በመጋዘን ይከማቻል።

አገሪቱ የኮሜሳ (የምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያ)፣ የሳድክ (የደቡባዊ አፍሪካ የልማት ማኅበረሰብ) እና ከ2022 ጀምሮ የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አባል ናት። እነዚህ ስምምነቶች ለምግብና ለፋብሪካ ሸቀጥ ትርጉም ቢኖራቸውም የመዳቡን መዳረሻ አይለውጡም። የቆርቆሮ፣ የታንታለም፣ የተንግስተንና የወርቅ ምንጭን የሚመለከቱት የአሜሪካው የ2010 ሕግና ከ2021 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ግን የምሥራቁን በር በቀጥታ ይነካሉ፤ ሰነድ የሌለው ማዕድን ገዢ ስለሚያጣ በጎረቤት አገር ስም የመውጣት ፍላጎቱ ይጨምራል።

9. ትርፍና ኪሳራውን ማስላት

የዕቃ ንግድ ሚዛኗ በመዳቡ ምክንያት ትርፍ ሲያሳይ፣ ጠቅላላው የከረንት አካውንት (የዕቃ፣ የአገልግሎትና የትርፍ ክፍያ ድምር ሚዛን) ግን ጉድለት ማሳየቱ አንባቢን ያስገርማል። ማብራሪያው በዕቃ ሰንጠረዥ ውስጥ የለም። የጭነት፣ የኢንሹራንስና የቴክኒክ አገልግሎት ክፍያ ወደ ውጭ ይወጣል፤ የውጭ ባለድርሻዎች ትርፍም እንዲሁ። የ2018ቱ ሕግ ኩባንያዎች ኢንቨስትመንታቸውን መልሰው እስኪያገኙ ድረስ ከወጪ ንግድ ገቢያቸው 60 በመቶውን፣ ከዚያ በኋላ ሙሉውን ወደ አገር ውስጥ እንዲመልሱ ያዛል። የተመለሰው ገንዘብም ለድኝ፣ ለናፍጣና ለመለዋወጫ ክፍያ ዳግም ይወጣል። ስለሆነም «አገሪቱ ይህን ያህል ሸጠች» ከማለት ባሻገር ምን ያህሉ እንደቀረላት ለመናገር የማዕከላዊ ባንኩን የክፍያ ሚዛን ከጉምሩክ ሰንጠረዡ አጠገብ ያስቀምጡ።

10. ሰንጠረዡን ማዘጋጀትና ማደስ

የመጨረሻው ሰንጠረዥ ለእያንዳንዱ ዕቃ ኮዱን፣ የጭነቱን ክብደት፣ በውስጡ ያለውን ብረት፣ ዋጋውን ከነመሠረቱ፣ የወጣበትን በር፣ የተመዘገበውን መዳረሻና የሚጣራበትን አገር በተለያዩ ዓምዶች ይያዝ። የመጨረሻዎቹ ሁለት ዓምዶች ሲለያዩ ከጎናቸው ምክንያቱን በአንድ ሐረግ ይጻፉ፤ «የወደብ ትራንዚት»፣ «የነጋዴ አድራሻ» ወይም «በጎረቤት የወጣ ወርቅ» በቂ ነው። በምሥራቁ በር ረድፎች ላይ መረጃው እስከ ስንት ዓመት ድረስ እንደሚታመን ይጠቁሙ።

ለማደስ የኮባልቱን ኮታ መከተል ጥሩ መነሻ ነው። የአንድ ሩብ ዓመት ጭነት ከኮንጎ ሲወጣ ቀኑን ይመዝግቡ፤ ከሦስት ወር ገደማ በኋላ የቻይና ጉምሩክ በ8105 ሥር የሚያወጣውን አኃዝ ወደ ንጹሕ ኮባልት ለውጠው ከኮታው ጋር ያመሳክሩ። ልዩነት ካገኙ በመጀመሪያ እርጥበቱንና ኮዱን፣ ቀጥሎ በደርባንና በዳሬሰላም ያለውን ክምችት ያጣሩ፤ ስለ ኮንትሮባንድ የሚነሣው ጥያቄ ከእነዚህ በኋላ ይመጣል።